ሰባ አንድ አንዶች

ጋውራንጋ ማንዳል ካልካታን ለቆ ሊሄድ መሆኑን ለማዱሽሪ የነገራት ትራም ውስጥ ቆመው ሳሉ ነው። ክረምቱ ገብቷል። መንገዱ ለምድር ውስጥ ባቡር ተብሎ ከተቆፈረ ዓመታት አልፈዋል፤ ትራሙ ጥቂት ይሳብና ይቆማል፣ እንደገና ጥቂት ይሳብና ይቆማል። ተሳፋሪው የራሰ ጃንጥላውን አጠገቡ ያለው ሰው እግር ላይ ያንጠባጥባል። ማዱሽሪ ከምታስተምርበት የሴቶች ኮሌጅ መመለሷ ነበር። ጠመኔው ከጣቶቿ አልለቀቀም፤ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ቦርሳ የፈተና ወረቀት ተጠቅጥቆበት ማንገቻው ሥጋዋ ውስጥ ሊገባ ደርሷል።

«ማድራስ ያለው የሒሳብ ተቋም ቦታ ሰጥቶኛል» አላት ጋውራንጋ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ። «በሚመጣው ወር መጨረሻ ሥራ ልጀምር ነው።»

ማድራስ በባቡር የሁለት ቀን መንገድ ነው። ማዱሽሪ ቀና ብላ ዓይኑን ልታየው ፈልጋ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሸሚዙ አንገት ላይ ደርሶ ቆመ። ኮሌታው ከማለቁ የተነሣ ተገልብጦ ተሰፍቷል።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው፣ በቃ?»

«ደክሞኛል ጋውር። ዛሬ አምስት ክፍል አስተምሬያለሁ።»

ይህቺ «ደክሞኛል» የምትባል ቃል በሁለቱ መካከል ብዙ ኖራለች። ድሮ ጋውራንጋ ሲሰማት ይከፋው ነበር፤ ኋላ ይረዳላት ጀመር፤ ዛሬ ግን እሱም ደክሞት ነበር። ማረፊያው ሲደርስ «እሁድ እመጣለሁ» ብሏት ወረደ። ማዱሽሪ በሰው ትከሻ መሃል አሻግራ በመስኮቱ አየችው። ቀጭን ጀርባው ዝናቡ ውስጥ እየደበዘዘ ሄደ። ያ ጀርባ የእኔ ነው ብላ ከወሰነች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን ግን ያን ሸሚዝ አጥባ አስጥታለት አታውቅም። ይህን ስታስብ ማልቀስ ነበረባት። እንባዋ አልመጣም፤ አለመምጣቱም አስፈራት።

* * *

የሁለቱን ነገር ለመረዳት የአባቷን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮፌሰር ኒርማልያ ባግቺ ሺያምባዛር በሚባለው ሰፈር የታወቁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሞ ከጥላ በቀር አይለይላቸውም። የቀራቸው አንዲት ልጅ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት እህትና አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ያውቀዋል። ማዱሽሪ በደጁ ባለፈች ጊዜ ሁሉ «እህት ዓለም፣ የጋሼ ቁጥር ዛሬስ ተካፈለ?» ይላታል።

ቁጥሩን መጻፍ ቀላል ነው። አንድን ሰባ አንድ ጊዜ ጎን ለጎን መደርደር ብቻ ነው። ታናናሾቹን ማንም ተማሪ ይፈታቸዋል። ሁለት አንዶች ሲደረደሩ አሥራ አንድ ነው፤ ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የለውም፣ ብቸኛ ቁጥር ይሉታል። ሦስት ሲሆኑ መቶ አሥራ አንድ ነው፤ ሠላሳ ሰባት በሦስት ተባዝቶ ይገኛል። አምስት ሲሆኑ ደግሞ አርባ አንድና ሁለት መቶ ሰባ አንድ ሲባዙ ይመጣል። ሰባ አንዱ ላይ ሲደረስ ግን የሰው አቅም ያልቃል።

ፕሮፌሰሩ በጉልምስናቸው፣ በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና አንድ ሙሉ ዓመት ደክመው ይህ ቁጥር ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጡ። ማረጋገጫው ግን አካፋዩን አይናገርም። ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የሚያልፉት ፈተና አለ፤ ሰባ አንዱ አንዶች ፈተናውን ወደቁ። ስለዚህ የግድ የሌሎች ቁጥሮች ብዜት ነው፤ የእነማን እንደሆነ አይታወቅም። እናትና አባት እንዳለው የታወቀ፣ ስማቸው ግን ያልታወቀ ልጅ ማለት ነው። ፕሮፌሰሩ የዚህን ልጅ ወላጆች ሊፈልጉ ተነሡ።

አካፋዩ የመቶ አርባ ሁለት ብዜት ላይ አንድ የተጨመረበት መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። የቀረው በመቶ አርባ ሁለት እየዘለሉ አንድ በአንድ መሞከር ነው። ዓይናቸው ሲከዳቸው ማዱሽሪ ዓይን ሆነችላቸው። ከኮሌጅ ትመለሳለች፣ እግሯን ትታጠባለች፣ ከአባቷ ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች። መብራት ሲኖር በማስሊያ መኪና፣ መብራት ሲጠፋ በእርሳስ ታካፍላለች።

«ቀሪ አለው?» ይላሉ አባቷ።

«አለው አባባ።»

«ቀጥይ።»

ኑሮዋ ይኸው ነበር።

ጋውራንጋ ወደዚህ ቤት የመጣው የፕሮፌሰሩ የመጨረሻ ዘመን ተማሪ ሆኖ ነው። አባቱ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት ጭቃማ አገር ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ፕሮፌሰሩ መጽሐፋቸውን እያዋሱ፣ ምሳቸውን እያካፈሉ «እንደ እሱ ያለ ተማሪ አላስተማርኩም» ይሉ ነበር። ማዱሽሪን ለማግባት በጠየቃቸው ቀን እምቢ አላሉትም። እጁን ያዙና «ማዱ ዓይኔ ናት። ይህ ቁጥር ይካፈልልኝ፤ ከዚያ ስለ ሌላው እንነጋገራለን» አሉት። በዚያ ቀን ሁለቱ ወጣቶች በደስታ ሰከሩ። ቢበዛ ዓመት ይፈጃል ብለው ነበር።

ባግቺ የካህናት ዘር ነው። ማንዳል የሚለው ስም ደግሞ ሲጠራ ዘሩን ይዞ ይጠራል፤ የትልቅ ቤት ሴቶች እንዲህ ያለ ስም ካለው ሰው ጋር በአንድ ዕቃ አይቀምሱም። እሁድ እሁድ ጋውራንጋ ሲመጣ አክስቷ ቢናፓኒ ለሰው ሁሉ ሻይ በሲኒ ታቀርባለች፣ ለእሱ በብርጭቆ። ብርጭቆው ለብቻው ይታጠባል፣ ለብቻው ይቀመጣል። ፕሮፌሰሩ «ዘር የመሃይም ወሬ ነው» ብለው በአደባባይ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ ብርጭቆውን ግን ዓይናቸው ደህና ሳለም አላዩትም። ማዱሽሪ አይታዋለች። ጋውራንጋም አይቶታል። ስለ እሱ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ወደ ሻያቸው ያቀረቅራሉ፤ ሻዩም በዚያች ቅጽበት ይመርራቸዋል።

* * *

ከማድራስ የመጣው እንግዳ ራጋቫን ይባላል። ጋውራንጋ ማድራስ ሲሄድ አብሮት የሚሠራው የቁጥር ሊቅ ነው፤ ንግግር ለማድረግ ካልካታ ተጋብዞ ነበር። ጋውራንጋ «መጥተሽ ተዋወቂው» ብሎ ለመናት። ማዱሽሪም ከኮሌጅ ፈቃድ ጠይቃ፣ እሱ የሚወደውን ሰማያዊ ሳሪ ለብሳ ንግግሩ ወደሚደረግበት የካልካታ ተቋም ሄደች። በመንገድ ላይ የምትለውን ቃል ስታዘጋጅ ነበር። «አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት አልደፈረችም፤ «ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ» ልትለው ነበር። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀን ሰው ጠብቀኝ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር እያወቀች።

ንግግሩ እንዳለቀ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያዎቹም ቆሙ። ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ራጋቫን ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። የአንገቱን ላብ በመሃረብ እየጠረገ የካልካታን ሙቀት ሰደበ፣ የካልካታን ጥብስ ባደንጃን አሞገሰ፤ ከዚያ ወደ ማዱሽሪ ዞረ።

«የፕሮፌሰር ባግቺ ልጅ ነዎት አሉኝ። ታዲያ አባትዎ ስለ ቁጥሩ ሲሰሙ ምን አሉ?»

«ስለ የትኛው ቁጥር?»

«ስለ ሰባ አንዱ አንዶች ነዋ። በብርዱ ወራት ባሕር ማዶ በትልቅ ኮምፒዩተር አካፍለውት የለም እንዴ? እኔና ጋውራንጋ በየካቲት ቦምቤይ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የሰማነው። እሱማ አካፋዮቹን ሁለቱንም ገልብጧቸዋል።»

ማዱሽሪ ወደ ጋውራንጋ ዞረች። እሱ እንግዳውን ማስቆም እንደፈለገ ሰው እጁን ግማሽ ድረስ አንሥቶ ነበር። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። ማዱሽሪ የሻይ ሲኒዋን በበረንዳው ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሊሰማት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን አንድ ብቻ ነው፣ እንግዳ ሰው ፊት መራቆት የመሰለ እፍረት።

* * *

ከተቋሙ ሕንፃ ጀርባ ኩሬ አለ፤ ዙሪያውን የማንጎ ዛፍ ነው። ጋውራንጋ ተከትሏት ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ከቅጠሎቹ ጠብታ ብቻ ይወርዳል።

«ከየካቲት ጀምሮ?» አለችው ሳትዞር።

«ከየካቲት ጀምሮ።»

«እሁድ እሁድ እየመጣህ፣ ሻይህን እየጠጣህ፣ እኔ ቁጥር ሳነብ እያየኸኝ።»

«እያየሁሽ።»

«ለምን?»

ጋውራንጋ መልሱን ስንት ጊዜ ለብቻው እንደተለማመደው ያውቃል፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ተንተባተበ። አባቷን መግደል እንደ ከበደው ነገራት። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ነገር ማሽን እንደ ቀማቸው የሚያረዳ ሰው መሆን አልፈለገም። እሷ ሰማችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ሌላ አለህ።»

«አለኝ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ሳይካፈል እንድትመጪ ፈልጌ ነው ማዱ። ቁጥሩ እያለ፣ አባትሽ እያሉ፣ አንድ ቀን እርሳሱን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሥራሽ አልቆ፣ መሄጃ ስታጪ አይደለም። ቢያልቅና ብትመጪ እኔ ምን እንደሆንኩ በምን አውቃለሁ? ማካፈል ሲያልቅ የሚቀር ነገር አለ አይደል? እሱን መሆን አንገፈገፈኝ።»

ማዱሽሪ አሁን ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ? አባባ ቁጥሩ ይለቅ አሉ፤ አንተ ደግሞ ሳያልቅ አልክ። ሁለታችሁም በእኔ ዕድሜ ተፈታተናችሁበት። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው ጋውር። ጠጉሬ መሸበት ጀምሯል፤ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እያየህ ዝም አልክ።»

እጇን ዘረጋችና ቁጥሮቹን ጠየቀችው። ከኪስ ቦርሳው ታጥፎ ያለቀ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ሠላሳ አሃዝ ያለው፣ ሌላው አርባ አንድ አሃዝ ያለው። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው።

ማዱሽሪ መንገዱን ሁሉ ወረቀቱን እንደጨበጠች ሄደች። ቤቷ ልትደርስ ስትል በአእምሮዋ ሲብሰለሰል የቆየው ሒሳብ መልስ ሰጣት። ትንሹ አካፋይ ሠላሳ አሃዝ አለው። እሷና አባቷ በአሥራ አንድ ዓመት የደረሱት ስምንት አሃዝ ላይ ነው። በእነሱ መንገድ፣ አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ የዓለም ሕዝብ በሙሉ እርሳስ ይዞ ቢሰለፍ ፀሐይ እስክትከስም አይደርስም። እሷ ከዛሬ ነገ አንድ ትንሽ አካፋይ ይገኛል በሚል ተስፋ ኖራለች። አባቷ ግን ተስፋን ከሒሳብ ለይተው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ደጁ ላይ ስትደርስ የበሩን ቀለበት ይዛ ቆመች። የገዛ ቤቷን ፈራችው።

* * *

እሁድ ጠዋት ነገረቻቸው።

ፕሮፌሰሩ አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡና «አንብቢልኝ» አሉ። አሃዝ በአሃዝ አነበበችላቸው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይከተላታል። ሁለቱ ቁጥሮች በዘጠኝ እንደሚያልቁ ሲሰሙ «ዘጠኝ ዘጠኝ ሰማንያ አንድ» አሉ፤ «መጨረሻው አንድ ይመጣል፤ ጥሩ። አሁን አባዢልኝ።»

አባዛች። ማስሊያው ላይ ስለማይገባ በቁርጥራጭ እያባዛች ደመረችው፤ ከሰዓት በኋላ ድረስ ወሰደባት። ቢናፓኒ ሩዝና ምስር አምጥታ አስቀምጣ፣ ሳይነካ መልሳ ወሰደችው። ከእርሳሱ ሥር አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ መስመሩ ሲወጣ ማዱሽሪ ያላሰበችው ደስታ ነካት። ሊካድ አይችልም፤ ያምር ነበር። መስመሩ ሲያልቅ «ሁሉም አንድ ነው አባባ» አለቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ማዱሽሪ ዝቅ ብላ እግራቸውን ልትይዝ ስትል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ሌላ አለ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ከዚህ የሚረዝም። እስካሁን ማንም ያልደፈረው። ከነገ ወዲያ እንጀምረዋለን።»

ማዱሽሪ ቀና ብላ ቆመች።

«አባባ፣ በእኛ መንገድ ይህ ቁጥር እንደማይደረስበት ያውቁ ነበር?»

«የሒሳብ መምህር ነኝ እኮ ማዱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትንሽ አካፋይ ቢኖረው በመጀመሪያው ዓመት እናገኘው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው በእጅ የሚያልቅ እንዳልሆነ አውቄያለሁ።»

ከጓዳ በኩል የቢናፓኒ ዕቃ ማጠብ ተቋረጠ።

«ታዲያ ለምን?»

ፕሮፌሰሩ የማያይ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሲናገሩ እንደ ወትሮው አስተማሪ አልነበሩም፤ አንድ ደካማ ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጁን እወደዋለሁ። እምቢ ልለው አልቻልኩም። እሺ እንዳልል ደግሞ ወንድሞቼ አሉ፣ የእናትሽ ወገን አለ፣ ሰፈሩ አለ። ባግቺ ልጁን ለማንዳል ሰጠ መባል... ስለ ዘር ያን ሁሉ የተናገርኩ ሰው፣ ቤቴ ሲደርስ አፌ ተያዘ። ቁጥሩ በእኔ ፈንታ መለሰልኝ። ደግሞም ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ለይቼው አላውቅም።»

ማዱሽሪ ተነሥታ የዓይናቸውን ጠብታ መድኃኒት አመጣች። ራሳቸውን ደግፋ በየዓይናቸው አንዳንድ አደረገችላቸው፤ የወረደውንም በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ የማስሊያውን መኪና በጨርቅ ሸፈነችና «ከእንግዲህ አላነብልዎትም አባባ» አለቻቸው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ሽማግሌውን የጎዳቸውም እሱ ነው።

ጓዳ ስትገባ ቢናፓኒ እርጥብ እጇን ነጭ ልብሷ ላይ እየጠረገች ጠበቀቻት።

«ሁሉን ሰምቻለሁ» አለች አክስቷ። «እኔ አልዋሽሽም፣ የልጁን ዘር አልወደውም። ስሞትም አልወደውም። ግን እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ባሌ ሞቶብኝ እዚህ ቤት ገባሁ፤ ይኸው አርባ ዓመት አለፈኝ፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንቺን ልጠይቅሽ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

ማዱሽሪ መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት ያ ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለው እንባ መጣ።

«በይ በይ» አለች ቢናፓኒ። «ጃንጥላሽን ያዢ። ስለ አባትሽ አታስቢ፤ ጠብታ ማድረግ ሒሳብ አይጠይቅም።» ሻካራ እጇን የማዱሽሪ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነክታት አታውቅም ነበር፤ ሁለቱም በነገሩ ደነገጡ።

* * *

ጋውራንጋ የሚኖረው ወንደላጤዎች ተሰብስበው በተከራዩት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሴት ወደዚያ ደረጃ ወጥታ አታውቅም። ማዱሽሪ ስትገባ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ካርታቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ አንዱ ሸሚዝ ፍለጋ ሮጠ። የጋውራንጋ ክፍል በሩ ክፍት ነበር። መጻሕፍቱ በገመድ ታስረው ወለሉ ላይ ተቆልለዋል፤ እሱ ባዶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሣ፤ የምትቀመጥበት ወንበር ፈልጎ አጣ።

«አባትሽ ሰሙ?»

«አባዝተን አየነው። ልክ ነው።»

«እንዴት ሆኑ?»

አባቷ ያሏትን ሁሉ ነገረችው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማወቃቸውን፣ ስሙን መፍራታቸውን። ጋውራንጋ የሚያውቀውን ነገር እንደሚሰማ ሰው አዳመጣት። ስትጨርስ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፤ ረጅም መንገድ ሄዶ የተዘጋ በር ያገኘ ሰው ድካም ብቻ ነበር።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ መጣሁ» አለች። «ቁጥሩ ስላለቀ አይደለም። አባባ ሌላ ቁጥር ሰጥተውኝ ነበር፤ ከዚህ የሚረዝም። እሱን ጥዬ ነው የመጣሁት። አላምንሽም ብትል አልፈርድብህም፤ የማሳይህ ማረጋገጫ የለኝም።»

ጋውራንጋ አንድ እርምጃ ተጠጋት።

«ደግሞ እወቀው» አለች። «ይቅር አላልኩህም። ከየካቲት ጀምሮ ያለችውን እያንዳንዷን እሁድ ቆጥሬብሃለሁ።»

«ይቅር ሳትይኝ ነይ» አላት። «ይቅርታውን ቀስ ብለሽ ትሰጪኛለሽ። ካልሆነልሽም ተይው፤ ብቻ ነይ።»

እጇን ያዘ። ያን ያህል ዘመን ሲተዋወቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰው ፊት ቆመው አያውቁም። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ካርታ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን እየገፋ ዞር አሉ። ማዱሽሪ እጁ የእሷን ያህል ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘችው፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም አዘነች።

* * *

የሁለት ዘር ሰዎች በሕግ ሲጋቡ ማመልከቻ አስገብተው አንድ ወር መቆየት አለባቸው። ጋውራንጋ ይህን ከመዝጋቢው ጸሐፊ ሲሰማ ሳቁ አመለጠው፤ ጸሐፊው ምን ያስቃል ብሎ ተቆጣ።

ያን ወር ማዱሽሪ እቤቷ ኖረች። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ስለ ምግብና ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። ፕሮፌሰሩ አዲሱን ቁጥር ዳግመኛ አላነሡትም። ሰርጉ ላይ እንደማይገኙ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውም። በዕለቱ ጠዋት ልትወጣ ስትሰናበታቸው እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ራሷን አገኙት፤ መዳፋቸውን መሸበት በጀመረው ጠጉሯ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ሳያነሡ ቆዩ። ምርቃት ይሁን ልመና ማዱሽሪ አላወቀችም። ሁለቱንም አድርጋ ተቀበለችው።

የመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ጠባብ ኮሪደር ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ምስክር ሆነው የመጡት ሁለት ካርታ ተጫዋቾች ደጅ ወጥተው ሲጋራ ያጨሳሉ። ጸሐፊው ምሳ ሄዷል። ማዱሽሪና ጋውራንጋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ማድራስ ያወሩ ጀመር፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ እዚያ ለእሷ የማስተማር ሥራ ይገኝ እንደሆነ፣ ዓሣው እንደ ካልካታ ዓሣ እንደማይጣፍጥ። አንድ ነገር ስትጠይቀው ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ዞር ቢል ራሷ ትከሻው ላይ ወድቋል። እንቅልፍ ወስዷታል፤ አፏ በትንሹ ተከፍቶ፣ ቀይ ሳሪዋ ከጉልበቷ ተንሸራትቶ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ተኝታ የማታውቅ ይመስል።

ጋውራንጋ አልተነቃነቀም። ትከሻው ደነዘዘ፤ አልተነቃነቀም። ጸሐፊው ከምሳ ተመልሶ መዝገቡን ገለጠና «ማንዳልና ባግቺ» ብሎ ጮክ ብሎ ተጣራ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ።

«እኛ ነን» አለ ጋውራንጋ በሹክሹክታ፣ ነጻ እጁን እያነሣ። «እባክዎ ሌላውን ያስቀድሙ። ባለቤቴ እስክትነቃ እንጠብቃለን።»

«ባለቤቴ» የሚለውን ቃል ሲያወጣው ገና በመዝገብ አልሰፈረም ነበር። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተፈታ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የእሷን ትንፋሽ አዳመጠ።